ከጉማ ወደ ዓረቦን፦ የአካል ጉዳት ካሳ ታሪክ በጨፋ ሸለቆ

የጨፋ ሸለቆ የቦርከና ወንዝ ከደሴና ከኮምቦልቻ ዙሪያ ተራሮች ወርዶ ወደ አዋሽ ተፋሰስ ሲያመራ የሚያጠጣው፣ ከፊሉ ረግረግ ከፊሉ ግጦሽ የሆነ ሰፊ ሜዳ ሲሆን፣ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ የሆነችው ከሚሴም የምትገኘው በዚሁ ሜዳ ላይ ነው። በሸለቆውና በዙሪያው ኦሮሞ፣ አማራና አርጎባ ተጎራብተው ይኖራሉ፤ በበጋ ወራት ደግሞ ከምሥራቁ ቆላ የሚመጡ የአፋር አርብቶ አደሮች ውኃና ሣር ፍለጋ ግመሎቻቸውንና ከብቶቻቸውን ይዘው ይሰፍሩበታል። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚዘልቀው አውራ ጎዳናም ሜዳውን ከደቡብ ወደ ሰሜን ሰንጥቆት ያልፋል። ግጦሹ በሰውና በሰው መካከል ለሚነሣ ጠብ፣ ጎዳናው ደግሞ በመኪናና በእግረኛ መካከል ለሚደርስ አደጋ ምክንያት ሆነው ስለቆዩ፣ የተጎዳ ሰው ካሳ የሚያገኝበት ሥርዓት በዚህ አካባቢ ረጅምና የተደራረበ ታሪክ አለው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ «ካሳውን ማን ይከፍላል?» ለሚለው ጥያቄ በየዘመኑ የተሰጠው መልስ ተለዋውጧል፤ በመጀመሪያ ከፋዩ የጎጂው ጎሳ ነበር፣ ቀጥሎ የመኪናው ባለቤት ሆነ፣ ከዚያም ከባለንብረቶች ሁሉ በሚሰበሰብ ዓረቦን የቆመ የመድን ገንዘብ ተጨመረ። «ቤተሰቡን ወክሎ ካሳውን የሚቀበለው ማን ነው?» እና «ክፍያው ነገሩን ይጨርሰዋል ወይ?» የሚሉት ሁለት ጥያቄዎች ግን መልሳቸው ዛሬም በአብዛኛው የሚገኘው በሽማግሌዎች ሸንጎ ነው። ጽሑፉ የከፋዩን መለዋወጥ ከጉማ ዘመን እስከ ግዴታ መድን እየተከተለ፣ ሁለቱ ሥርዓቶች ዛሬ በአንድ አደጋ ላይ ጎን ለጎን የሚሠሩበትን መንገድና የሚጋጩበትን ቦታ ያሳያል።

ጎሳ ከፋይ በነበረበት ዘመን

በኦሮሞ ባህል ጉማ የሚባለው ለጠፋ ሕይወት ወይም ለጎደለ አካል የጎጂው ወገን ለተጎጂው ወገን የሚከፍለው ካሳና ከክፍያው ጋር አብሮ የሚፈጸመው የእርቅ ሥርዓት ነው። ክፍያው ከአንድ ሰው ኪስ የሚወጣ አልነበረም፤ የገዳይ ዘመዶች እንደ ቅርበታቸው ከብት ወይም ገንዘብ ያዋጡ ነበር፣ ዘመድ የሌለው ወይም ዘመዱ ያልበቃው ደግሞ አገር ለአገር እየዞረ ጉማ ይለምን ነበር። ይህ ልማድ በመላው አገሪቱ የታወቀ በመሆኑ፣ ሚሼል ፓፓታኪስ በ1960ዎቹ ላዘጋጀው የአማርኛ ፊልም «ጉማ» የሚለውን ስም ሰጥቶታል። የመዋጮው ፋይዳ ከፍ ያለ ካሳ መክፈል ማስቻሉ ብቻ አልነበረም፤ ለአንድ ሰው ጥፋት ሁሉም የሚያዋጣ ከሆነ ሁሉም የወገኑን ጠባይ የመጠበቅና የመገሠጽ ምክንያት ይኖረዋል፣ በሌላው ወገን ደግሞ ካሳውን የተቀበለ ጎሳ በሙሉ የበቀል መብቱን እንደተወ ይቆጠራል።

የሸለቆው ሕዝብ በብዛት ሙስሊም በመሆኑ፣ ከጉማ ጎን የእስልምና ሕግ የሚያዘው የደም ካሳ፣ ማለትም ዲያ፣ ለሸኾችና ለሽማግሌዎች ሌላ መለኪያ ሆኖ አገልግሏል። በዚህ ሕግ የአንድ ሰው ነፍስ ሙሉ ዲያ 100 ግመል ሲሆን፣ አንድ እጅ ወይም አንድ ዓይን የሙሉው እኩሌታ፣ አንድ ጣት 10 ግመል፣ አንድ ጥርስ ደግሞ 5 ግመል ይገመታል። ሕጉ ሆን ተብሎ የተፈጸመን ግድያ በስሕተት ከደረሰ ሞት ይለያል፤ ስሕተት ከሆነ ዲያውን የሚከፍሉት የገዳዩ የአባት ወገን ዘመዶች፣ በእስልምና ሕግ ቋንቋ ዓቂላ የሚባሉት፣ ሲሆኑ ክፍያውም በሦስት ዓመት ሊከፋፈል ይችላል። ገዳዩ ራሱ ደግሞ ከገንዘቡ ውጪ የኃጢአት ማካካሻ አለበት፤ ነፃ የሚያወጣው ባሪያ ከሌለው ሁለት ወር በተከታታይ ይጾማል። ይህ ልዩነት ኋላ የመኪና አደጋ ሲመጣ ትልቅ ትርጉም አገኘ፤ ምክንያቱም ሾፌር በስሕተት የገደለ ሰው ተደርጎ የሚታይበት ክፍል በሃይማኖቱ ሕግ ውስጥ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ይጠብቅ ነበር።

በተግባር ግን በሸለቆው 100 ግመል ይከፈል ነበር ማለት አይደለም፤ መጠኑ እንደ ወገኖቹ አቅም፣ እንደ ጉዳቱ ክብደትና ቀድሞ በመካከላቸው በተከፈለው ልክ በድርድር ይወሰን ነበር። ድርድሩን የሚመሩት በወሎ አበጋር የሚባሉ፣ ሥልጣናቸው በዘር የሚወረስና የቃላቸው ክብደት ከሃይማኖት የሚመነጭ አስታራቂዎች፣ ሸኾችና የአገር ሽማግሌዎች ናቸው። ከአፋር ጋር የሚነሣው ነገር ደግሞ መብሎ በሚባለው የአፋር ሽማግሌዎች ሸንጎ ፊት፣ መዳዓ በሚባለው የአፋር ልማዳዊ ሕግ እየታየ በሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች ይዳኛል፤ ስለዚህ በበጋ ግጦሽ ላይ በአፋርና በኦሮሞ መካከል ለደረሰ ጉዳት ካሳ የሚተመነው ሁለቱ ሥርዓቶች በሚስማሙበት ልክ ነበር። በከሚሴ አካባቢ የሚገኘው የጥሩ ሲና የሱፊ ሐድራም (የጸሎት ጉባኤ) የክርክር መፍቻ ስፍራ ሆኖ ሲያገለግል መቆየቱን፣ ሃይማኖታዊ ሥርዓቱና ዳኝነቱ እንዴት እንደተሳሰሩ የማኅበረሰብ ተመራማሪዋ ሜሮን ዘለቀ በጥናቷ አሳይታለች።

የእርቁ ሥርዓት ከካሳው ያላነሰ ዝርዝር አለው። ጎጂው ወገን በቀጥታ ወደ ተጎጂው ቤት አይሄድም፤ በመጀመሪያ ሸኾችና ሽማግሌዎች ይላካሉ፣ በኦሮሞ ዘንድ የሰላምና የልመና ምልክት የሆነውን እርጥብ ሣር ይዘው ይቆማሉ፣ የተጎጂው ወገን እንቢ ቢል እንኳ ደጋግመው ይመለሳሉ። ፈቃዱ ሲገኝ ሁለቱ ወገኖች ተራርቀው ይቀመጡና ሽማግሌዎቹ በመካከል እየተመላለሱ ነገሩን ይሰማሉ፤ ቁስሉ ይታያል፣ የተሰበረው አጥንት ወጌሻ ጋር መድረሱ፣ የተጎዳው ሰው ከእርሻ ስንት ጊዜ መቅረቱ ይጠየቃል። መጠኑ ሲቆረጥ ዱዓ ይደረጋል፣ ከብት ይታረዳል፣ ደም አድራቂው ማዕድ በጋራ ይበላል፤ ከዚህ በኋላ ነገሩን ማንሣት ሽማግሌዎቹን መድፈር ይሆናል። ጉዳቱ በጎጂና በተጎጂ መካከል ብቻ የሚቀር ሳይሆን በወገንና በወገን መካከል የሚከፈት ቁስል እንደሆነ ስለሚታሰብ፣ ገንዘቡ ብቻውን ያለዚህ ማዕድ ሙሉ ካሳ ተደርጎ አይቆጠርም።

መንግሥት ወደ ዳኝነቱ ሲገባ

ማዕከላዊው መንግሥት ለረጅም ጊዜ ይህን ሥርዓት ከላይ ሆኖ ከመቆጣጠር በቀር በቀጥታ አልተካውም። በ13ኛው ክፍለ ዘመን በግብፃዊው ኢብን አል ዓሳል በዐረብኛ ተሰናድቶ ኋላ ወደ ግዕዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥት የቤተ መንግሥትና የቤተ ክህነት ዳኝነት መመሪያ ነበር እንጂ የሸለቆውን ገበሬና አርብቶ አደር የዕለት ነገር የሚወስን አልነበረም። ከጣልያን ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. የወጣው የዳኝነት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 2 የፍርድ ቤቶችን ደረጃ ከወረዳ እስከ ጠቅላይ ንጉሠ ነገሥት ፍርድ ቤት ዘረጋ፤ ቀጥሎም በ1939 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 90 አጥቢያ ዳኞችን አቋቋመ። አጥቢያ ዳኛ የመጀመሪያ ሥራው ማስታረቅ ሲሆን፣ መፍረድ የሚችለው በፍትሐ ብሔር እስከ 25 ብር፣ በወንጀል ደግሞ እስከ 15 ብር በሚደርስ ጉዳይ ላይ ብቻ ነበር፤ በመሆኑም የአካል ጉዳት ካሳ የሚያህል ነገር ወይ ወደ ወረዳ ፍርድ ቤት ይወጣ ወይ በሽማግሌ ያልቅ ነበር።

ለሙስሊሙ የሸለቆ ነዋሪ ከሁሉም የሚጠቅመው ሕግ በ1936 ዓ.ም. የወጣው የቃዲዎችና የናኢባ ምክር ቤቶች አዋጅ ቁጥር 62 ነበር። ይህ አዋጅ ለቃዲ ፍርድ ቤቶች ሕጋዊ ዕውቅና ቢሰጥም ሥልጣናቸውን በጋብቻ፣ በፍቺ፣ በቀለብ፣ በሞግዚትነት፣ በውርስ፣ በወቅፍና በመሳሰሉት ጉዳዮች ላይ ወሰነው። ዲያ ከእነዚህ ውስጥ ስላልተካተተ የሸሪዓ ፍርድ ቤት ስለ ደም ካሳ መፍረድ አልተፈቀደለትም፤ ይኸው ወሰን በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5ም ተጠብቋል፤ አንቀጹ በሃይማኖትና በባህል ሕጎች ሊዳኝ የሚችለው ተከራካሪዎች የፈቀዱት የግልና የቤተሰብ ጉዳይ ብቻ እንዲሆን አድርጓልና። የዚህ ውጤት ዲያን ማጥፋት አልነበረም፤ ዲያ ከፍርድ ቤት ወጥቶ ሙሉ በሙሉ ወደ ሽማግሌ እጅ ገባ፣ የሃይማኖት ሕግ መለኪያነቱን እንደያዘ መንግሥት የማያውቀው ዳኝነት ሆነ።

ጎዳናው ያመጣው አዲስ ጎጂ

ጣልያን ኢትዮጵያን በያዘበት በ1928 እና በ1933 ዓ.ም. መካከል ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃን፣ በጣርማ በር ዋሻ፣ በደብረ ሲና፣ በከሚሴና በኮምቦልቻ አድርጎ እስከ ደሴና ከዚያም እስከ አሥመራ የሚደርስ የመኪና መንገድ ተሠራ። በ1943 ዓ.ም. የተቋቋመው የንጉሠ ነገሥቱ አውራ ጎዳና ባለሥልጣን ይህንን መንገድ ተረክቦ ጠገነው፤ አስፋልቱ እየተሻሻለ በሄደ ቁጥርም የመኪናው ፍጥነትና የጭነቱ ክብደት ጨመረ። መንገዱ የሸለቆውን ገበያዎች አሳደገ፤ በተለይ እሑድ የሚውለው የሰንበቴ ገበያ ከደጋና ከቆላ የሚመጣ ሰው፣ ግመል፣ ከብትና ፍየል የሚያከማች በመሆኑ፣ በዚያ ቀን አውራ ጎዳናው ከነጭነቱ መኪና በእግረኛና በእንስሳ መካከል እየተሹለከለከ የሚያልፍበት መተላለፊያ ሆነ።

በጉማ ዓለም ጎጂ ሁልጊዜ ወገኑ የሚታወቅ ሰው ነበር፤ ከቦረናም ሆነ ከአፋር ቢመጣ የአባቱ ስምና የጎሳው ሽማግሌ የሚጠራለት። አውራ ጎዳናው ግን ከወልድያ ወደ አዲስ አበባ እህል ጭኖ የሚሄድ፣ ጎሳው የማይታወቅ፣ ሽማግሌ ሊላክበት የማይቻል ጎጂ አመጣ። ሾፌሩ በሌላ ሰው መኪና የሚሠራ ተቀጣሪ ሊሆን ይችላል፤ ባለንብረቱ አዲስ አበባ ወይም ደሴ ተቀምጦ አደጋውን በስልክ ይሰማል። ጎሳ የማይከፍልለትን ጉዳት ማን ይክፈለው የሚለው ጥያቄ በሸለቆው ተግባራዊ የሆነው በዚህ ጊዜ ነው፤ ለጥያቄው መልስ ይዞ የመጣው ደግሞ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነበር።

ባለቤት ከፋይ ሲሆን

ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። የሕጉ አንቀጽ 3347 በሕጉ የተሸፈኑ ጉዳዮችን የሚመለከቱ የቀድሞ ልማዶችንና ደንቦችን በሙሉ ስለሻረ፣ ጉማም ሆነ ዲያ ከዚያ ቀን ጀምሮ በፍርድ ቤት የሚጠቀስ ሕግ መሆናቸው ቀረ። ከውል ውጭ የሚደርስ ኃላፊነት የሚባለው የሕጉ ክፍል፣ ማለትም በሁለት ሰዎች መካከል ምንም ውል ሳይኖር አንዱ በሌላው ላይ ላደረሰው ጉዳት የሚመለስበት ሕግ፣ ከአንቀጽ 2027 ጀምሮ የተዘረጋ ሲሆን ኃላፊነትን በሦስት መሠረት ላይ ያቆማል፤ እነርሱም የራስ ጥፋት፣ ጥፋት ሳይኖር በአንድ ሥራ ወይም ንብረት ባለቤትነት የሚመጣ ኃላፊነት፣ እንዲሁም ስለሌላ ሰው ድርጊት መጠየቅ ናቸው።

ለጎዳናው አደጋ ወሳኙ ሁለተኛው መሠረት ነው። በአንቀጽ 2081 መሠረት የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ይጠየቃል፤ መኪናውን የነዳው ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆን እንኳ ባለቤቱ «አላጠፋሁም» በማለት ነፃ አይወጣም። መኪናው በአደጋው ጊዜ ተሰርቆ እንደነበር ያስረዳ ባለቤት ግን ኃላፊ አይሆንም፤ ጉዳቱ በከፊልም ሆነ በሙሉ በተጎጂው ጥፋት የደረሰ ከሆነም ካሳው ይቀነሳል ወይም ይቀራል። ሁለት መኪናዎች ሲጋጩ የአንዱ ጥፋት ካልተረጋገጠ ሁለቱም በእኩል እንዳደረሱት ተቆጥሮ ጉዳቱ ለሁለት ይከፈላል። በነፃ ለትብብር የተጫነ መንገደኛ ግን ያለ ሾፌሩ ጥፋት ካሳ አያገኝም፤ በአይሱዙ ጭነት ላይ ወጥቶ ለገበያ የሚሄድ ገበሬ በከፈለና ባልከፈለ መካከል ያለው ልዩነት የመብቱን ልክ የሚወስነው በዚህ ምክንያት ነው። ሕጉ እንስሳትንም አልዘነጋም፤ በአንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ሳያስበው አምልጦት እንኳ ቢሆን ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ በመሆኑ፣ በሰንበቴ ገበያ ዳር አስፋልቱ ላይ የወጣ ግመል ላስከተለው አደጋ ተጠያቂው የግመሉ ባለቤት ሊሆን ይችላል።

የመጠኑ አወሳሰን ከጉማም ከዲያም ተለየ። ሕጉ ለጣት ይህን ያህል፣ ለዓይን ይህን ያህል የሚል ዝርዝር የለውም፤ ካሳ ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል መሆን አለበት ይላል፣ ወደፊት የሚደርሰው ጉዳትም እርግጠኛ ከሆነ ጊዜው ሳይደርስ ይታሰባል። በዚህ መሠረት ሁለት ሰዎች እኩል እግራቸው ቢሰበር አንዱ ደሴ የሚነግድ፣ ሌላው የእኩል አራሽ ቢሆን ካሳቸው እኩል አይሆንም፤ የሕክምና ወጪ፣ የቀረ ገቢና የወደፊት የመሥራት አቅም ለእያንዳንዱ ይሰላል። ለገበሬው ችግር የሚሆነው የገቢውን መጠን የሚያሳይ የደመወዝ ማስረጃ የሌለው መሆኑ ነው፤ ሆኖም አንቀጽ 2102 የጉዳቱ መጠን በትክክል ሊታወቅ በማይችልበት ጊዜ ዳኞች በርትዕ፣ ማለትም ለኅሊና በሚበጀው ሚዛን፣ እንዲወስኑ ስለሚፈቅድ ማስረጃ ማነስ ብቻውን ካሳ አያስቀርም። አባት ወይም ባል የሞተበት ቤተሰብ ደግሞ ሟቹ ይሰጠው የነበረውን መተዳደሪያ በቀለብ መልክ መጠየቅ ይችላል።

ሕጉ በአንድ ቦታ ግን ልማድን ራሱ ጠርቶ አስገብቷል። ለኅሊና ጉዳት፣ ማለትም ለሐዘንና ለሥቃይ የሚሰጠው ካሳ በአንቀጽ 2116 መሠረት የአካባቢውን ልማድ በማየት የሚወሰን ሲሆን ከ1,000 የኢትዮጵያ ብር ሊበልጥ አይችልም፤ ቤተሰቡን ወክሎ የሚቀበለው ማን እንደሆነም አንቀጽ 2117 በመጀመሪያ ለአካባቢው ልማድ ይተወዋል፣ ልማድ ከሌለ ብቻ ባል ወይም ሚስትን፣ ቀጥሎ ታላቅ ልጅን እያለ በተራ ይዘረዝራል። 1,000 ብር በጊዜው ምንዛሪ 400 የአሜሪካ ዶላር ያህል በመሆኑ ቀላል ገንዘብ አልነበረም፤ ጣሪያው ሳይነሣ ብር ግን ዋጋው እየወደቀ በመሄዱ ዛሬ የአንድ ሐዘንተኛ ቤት የሰደቃ ወጪ እንኳ አይሸፍንም። በሸለቆው ቤተሰቦች ዓይን ሞት ማለት ከሁሉ በፊት የወገን ሐዘን በመሆኑ፣ ሕጉ ለገቢ መጥፋት ብዙ ከፍሎ ለሐዘን 1,000 ብር ብቻ ሲሰጥ የጎደለውን የሚሞላው የሽማግሌ ካሳ ነው።

ከአደጋው እስከ ፍርዱ

በዚህ መሠረት የቆመው የሕግ ሂደት በሸለቆው ከአደጋው ሰዓት ጀምሮ በሁለት መንገድ ይሄዳል። በመጀመሪያው መንገድ የትራፊክ ፖሊስ ቦታው ላይ ደርሶ የመኪናውን አቋም፣ የፍሬኑን ፍለጋና የተጎጂውን ስፍራ የሚያሳይ የአደጋ ፕላን ያነሣል፣ ምስክሮችን ይመዘግባል፤ ተጎጂው ወደ ከሚሴ ወይም ወደ ደሴ ሆስፒታል ይወሰዳል። ፕላኑና የሐኪም ማስረጃው ኋላ በፍርድ ቤት ለሚቀርበው ክስ አጥንት ይሆናሉ፤ ቋሚ ጉዳት ሲኖርም የሐኪሞች ቦርድ የጉዳቱን መጠን በመቶኛ ይገልጻል። ሾፌሩ ብዙ ጊዜ ከሕዝብ ቁጣ ለማምለጥ በቀጥታ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ስለሚሮጥ፣ ከአደጋው ቦታ መሸሽና እጅ መስጠት በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚፈጸሙ ነገሮች ሆነዋል።

ከዚህ በኋላ ዐቃቤ ሕግ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ይከሳል። በአንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደል በተራ ሁኔታ ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ወይም መቀጮ ሲያስከትል፣ ጥፋተኛው እንደ ሾፌር ያለ የሌላውን ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበት ሰው ሲሆን ቅጣቱ ከ1 እስከ 5 ዓመት እስራትና መቀጮ ይሆናል፤ ከአንድ በላይ ሰው ከሞተ ወይም ግልጽ የሆነ ደንብ ከተጣሰ ደግሞ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይደርሳል። ተጎጂው የካሳ ጥያቄውን ከወንጀል ክሱ ጋር አጣምሮ ሊያቀርብ ይችላል፤ ለብቻው ክስ ሲመሠርት ደግሞ በወንጀል ጉዳዩ ነፃ የወጣ ሾፌር በፍትሐ ብሔር ሊጠየቅ ይችላል፤ አንቀጽ 2149 የፍትሐ ብሔር ዳኛ በወንጀል ነፃ መውጣት እንዳይታሰር ያደርጋልና። ክሱ በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረት ጉዳቱ በደረሰበት ቦታ ሊቀርብ ስለሚችል፣ የሰንበቴ ባልቴት ባለመኪናውን ፍለጋ አዲስ አበባ መውረድ አይጠበቅባትም፤ የዳኝነት ክፍያ የመክፈል አቅም የሌላትም ድህነቷን አስረድታ ያለ ክፍያ ልትከስ ትችላለች። ተከራካሪዎቹ የተለያዩ ክልሎች ነዋሪዎች ከሆኑ ጉዳዩ የፌዴራል ሥልጣን ቢሆንም፣ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 80 ይህን ሥልጣን ለክልል ፍርድ ቤቶች ስለሚሰጥ ክርክሩ በአካባቢው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይታያል።

ሁለተኛው መንገድ የሽማግሌው ነው፤ ብዙ ጊዜም ቀድሞ የሚጀመረው እሱ ነው። ተጎጂው ገና ሆስፒታል ሳለ የሾፌሩ ወገን ወይም የባለንብረቱ ወኪል ሽማግሌ ልኮ ለሕክምናና ለቀብር የሚሆን ገንዘብ ያቀርባል፤ ከቀናት በኋላም ድርድሩ ይከፈታል። በዚህ ላይ የመንግሥት ሕግ ራሱ ለእርቅ ዋጋ ሰጥቷል፤ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82 ጥፋተኛው ከልቡ ተጸጽቶ ተጎጂውን የረዳና ጉዳቱን የካሰ መሆኑን እንደ ማቅለያ ምክንያት ስለሚቀበል፣ የእርቅ ወረቀት በወንጀል ችሎት ሲቀርብ ሾፌሩን ይጠቅመዋል። የፍትሐ ብሔር ሕጉም በአንቀጽ 3307 የእርቅ ውልን፣ ማለትም ሁለት ወገኖች አንዱ ለሌላው እየተወ ክርክር የሚጨርሱበትን ስምምነት፣ ተቀብሎታል፤ እንዲህ ያለው ውል ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ ይቆጠራል።

ሁለቱ መንገዶች የሚጋጩት እዚህ ላይ ነው። ለሽማግሌው እርቅ ማለት ቂምን መዝጋት ሲሆን፣ ለሕጉ ግን የገንዘብ መብትን መዝጋትም ሊሆን ይችላል፤ በወረቀቱ ላይ «ከእንግዲህ ምንም አልጠይቅም» የሚል ቃል የፈረመ ቤተሰብ፣ የተቀበለው ለቀብርና ለሰደቃ የሚሆን ጥቂት ገንዘብ ቢሆንም ለሙት ልጆች የሚገባውን ቀለብ ጭምር ትቷል ተብሎ ሊከራከሩበት ይችላሉ። ከዚህ የማይተናነሰው ሁለተኛው አደጋ ጊዜ ነው፤ በአንቀጽ 2143 መሠረት የካሳ ክስ ጉዳቱ ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፣ ድርጊቱ ወንጀል ሆኖ በወንጀል ሕጉ የይርጋው ጊዜ የሚረዝም ሲሆን ብቻ ረጅሙ ይሠራል። የሽማግሌ ድርድር በበጋ ተጀምሮ በክረምት የሚቋረጥ፣ ለአንድ ዘመድ መምጣት የሚጠበቅ፣ በትዕግሥት የሚሄድ በመሆኑ፣ ሸንጎውን ያከበረ ቤተሰብ በዝምታው ብቻ በፍርድ ቤት መብቱን ሊያጣ ይችላል።

ዓረቦን ከፋይ ሲሆን

ባለቤት ይከፍላል ማለት ባለቤቱ የሚከፍለው ነገር አለው ማለት አይደለም። አንዲት ሚኒባስ ያለው ሰው 5 ሰው የሞተበት አደጋ ቢደርስበት ሀብቱ ሁሉ ተሽጦ ካሳውን ላይሸፍን ይችላል፤ ፍርዱ ለተጎጂው ወረቀት ሆኖ ይቀራል። ጎሳ ይህን ክፍተት በመዋጮ ይሞላው ነበር፤ ለጎሳው ዓለም ባዕድ የሆነው የጎዳና ትራንስፖርት ግን መዋጮውን ያገኘው ዘግይቶ፣ በግዴታ መድን አማካይነት ነው። የ1952ቱ የንግድ ሕግ መድንንና የመንገደኛ ማጓጓዝን ደንግጎ ለአንድ መንገደኛ የአጓጓዡን ኃላፊነት በ40,000 ብር ወሰነ፤ መድን ሰጪዎቹ በ1967 ዓ.ም. ተወረሱና በ1968 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ተቋቋመ፣ በ1986 ዓ.ም. ደግሞ ለግል መድን ሰጪዎች በሩ ተከፈተ። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ግን ለሦስተኛ ወገን፣ ማለትም ከመድን ሰጪውና ከመድን ገቢው ውጭ ላለ ተጎጂ፣ መድን መግባት ለባለቤቱ ፈቃድ የተተወ ነበር።

ይህ በ2000 ዓ.ም. በወጣው የተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 559 ተለወጠ፤ በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 799 ደግሞ የቀድሞውን ተክቶ አስፋፋው። በመጀመሪያው አዋጅ መሠረት መድን ሰጪው ለሞት ከ5,000 እስከ 40,000 ብር፣ ለአካል ጉዳት እስከ 40,000 ብር፣ ለንብረት ጉዳት ደግሞ እስከ 100,000 ብር ይከፍል ነበር። ከንግድ ሕጉ ጋር ሲነጻጸር ቁጥሩ ትኩረት ይስባል፤ በ1952 ዓ.ም. ለአንድ መንገደኛ የተወሰነው 40,000 ብር ከ48 ዓመት በኋላም ያው 40,000 ብር ሆኖ ተጻፈ፣ የብሩ ዋጋ ግን ያው አልነበረም። ኋላ ጣሪያው ከፍ እንዲል ተደርጓል፤ ከጣሪያው የሚተርፈው ጉዳት በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ከባለቤቱ የሚጠየቅ መሆኑ ግን አልተለወጠም። የመድን ፈንድ ከዓረቦን በሚሰበሰብ ድርሻ ተቋቁሞ ገጭቶ ባመለጠ ወይም መድን በሌለው መኪና ለተጎዳ ሰው ካሳ እንዲሰጥ የታሰበ ሲሆን፣ ተጎጂው አፋጣኝ ሕክምና እንዲያገኝም ወጪው እስከ ተወሰነ ልክ ከመድን ይሸፈናል።

በዚህ አደረጃጀት የሸለቆው ታሪክ በተለየ መልክ ወደ መነሻው ተጠጋ። መድን የደም ትስስር የሌላቸውን ባለንብረቶች በዓረቦን አስተሳስሮ፣ አንዱ ለደረሰበት አደጋ ሁሉም እንዲያዋጡ ያደርጋል፤ ጎሳውም በዓቂላ ሕግ የሚሠራው ይኸው ነበር። ክፍያው ጣሪያና ወለል ያለው መሆኑም ከፍትሐ ብሔሩ ሙሉ ካሳ ይልቅ የዲያን ተመን ይመስላል። ልዩነቱ ግን መሠረታዊ ነው፦ ጎሳ ሲያዋጣ ፊት ለፊት ይቀርባል፣ ይለምናል፣ ይማጸናል፣ ከተበዳዩ ጋር ማዕድ ይቆርሳል፤ ዓረቦን የከፈለው ባለንብረት ግን የሞተውን ሰው ስም አያውቅም፣ ካሳውም በቼክ ይወጣል። በሌላ በኩል ጎሳ ለማይታወቅ እንግዳ ተጎጂ የመክፈል ግዴታ አልነበረበትም፤ መድን ፈንድ ግን ጎጂው ጨርሶ ባይታወቅ እንኳ ይከፍላል ተብሎ ነው የተቋቋመው። አንዱ የሚያስታርቀውን ሌላው አያስታርቅም፤ አንዱ የማይደርስበትን ሌላው ይደርስበታል።

ስለዚህ በጨፋ ሸለቆ ሁለቱም ሥርዓቶች መቀጠላቸው የሕግ ድክመት ብቻ ተደርጎ ሊወሰድ አይገባውም። አጎራባቹ የኦሮሚያ ክልል በ2013 ዓ.ም. ባወጣው አዋጅ ቁጥር 240 ባህላዊ ፍርድ ቤቶችን በሕግ ሲያውቅ፣ በአማራ ክልል የሚገኘው የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን በዚያ አዋጅ አይሸፈንም፤ በመሆኑም ያ አዋጅ አበጋሩንና ሽማግሌውን እንደ 1936ቱ ጊዜ ሁሉ ከመንግሥት መዝገብ ውጭ ትቷቸዋል። የሕጉ ዕውቀትና የሸንጎው ክብር በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ግን ጉዳቱ ይቀንሳል፤ የእርቁ ወረቀት ለሐዘንና ለቂም መዝጊያ የተሰጠውን ገንዘብ በስሙ ጠርቶ ለልጆች ቀለብና ለመድን ካሳ ያለውን መብት በግልጽ ካስቀረ፣ ክሱም ሁለቱ ዓመት ሳያልፍ ከቀረበ፣ ሸንጎውም ፍርድ ቤቱም የየራሳቸውን ሥራ ሳይጋጩ ይሠራሉ። በዚህ መንገድ የተያዘ ጉዳይ የፍትሐ ብሔር ሕጉ በአንቀጽ 2116 ለልማድ የከፈተውን ጠባብ በር ከ1,000 ብር በላይ ያሰፋዋል፤ ይህንንም የሚያደርገው ሕጉን ሳይሽር ነው።